የዳክዬዎች ሩዝ

“የአማትሽ ሩዝ ዳክዬዎቼን አወፈረልኝ እኮ!” አለች ቱዪ ጓሮ በር ላይ ቆማ እየሳቀች።

“ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል” አለች ማኒቮን።

እማማ ኦንታ ሰምተዋል። ከትልቁ የውሃ ጋን ጀርባ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ረስተውት የሄዱትን የአንገት ልብስ በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። በዚህ ሰዓት እዚያ መሆን አልነበረባቸውም። የዘወትር ልማዳቸው ይታወቃል። ዶሮ ሲጮህ ይነሣሉ፣ ማታ የዘፈዘፉትን ተለጣፊ ሩዝ ያጠልላሉ፣ ከሰሉን ያያይዛሉ፣ አንገተ ቀጭኑን ድስት ውሃ ሞልተው ይጥዳሉ፣ ሾጣጣውን የቀርከሃ ቅርጫት ከነሩዙ በድስቱ አፍ ላይ ይሰኩታል። ሩዙ በእንፋሎት በስሎ ሲወጣ የቡድሃ መነኮሳት ምጽዋት ሊቀበሉ በሰልፍ በደጅ ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ቆንጥረው ይሰጣሉ። ከዚያ ትልቁን ሙዳይ ለቤቱ፣ ትንሹን ሙዳይ ለልጃቸው ለታቪ ምሳ ይሞሉና ወገባቸውን ሊያሳርፉ ወደ ክፍላቸው ገብተው ጋደም ይላሉ። ምራታቸው ማኒቮን የምትነሣው እሳቸው ከተኙ በኋላ ነው። ለካ የምትነሣው ለዚህ ኖሯል!

መጀመሪያ የሌላ ሰው አማት የሚታማ መስሏቸው ነበር። ሰፈሩን እንደሆነ አማት ሞልቶታል። ኋላ ግን የራሳቸው ትልቅ ሙዳይ ክዳን ሲከፈት ሰሙ፤ ያን ሲጢጥታ ሌላ ሙዳይ አያወጣውም። ሩዙ ባልዲ ውስጥ ዱብ አለ፣ እንደ ድንጋይ። ቀጥሎ ፌስታል ተንኮሻኮሸ፤ ቱዪ ከቤቷ አብስላ ያመጣችው ትኩስ ሩዝ በእማማ ኦንታ ሙዳይ ገባ፣ ክዳኑም ተከደነ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ከሰል መወደድና ስለ ቱዪ ባል የጥርስ ሕመም ትንሽ አወሩ። ጥድፊያ የለም፣ መሸማቀቅ የለም። በረዶ ከጎረቤት እንደሚገዛ ሰው በሰላም ተለያዩ። ዳክዬ ደግሞ በአንድ ቀን አይወፍርም። እማማ ኦንታ ነገሩ የሰነበተ መሆኑን ያወቁት ከዚህ ነው።

ማኒቮን ወደ ቤት ስትገባ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ንዴቱ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ በሙሉ በማኒቮን ላይ ነው የመጣው። ድሮስ ከምራት ምን ይጠበቃል! ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ስር ኖረው፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ይኸው በፈገግታ እየቀበረቻቸው ነበር። ታቪ ግን አያውቅም። ታቪ ቢያውቅ ኖሮ ይህ አይደረግም። እማማ ኦንታ ይህን አንዴ ለራሳቸው ነገሩና ደስ አላቸው፤ ሁለተኛ ሲነግሩት ግን ያን ያህል አላጠገባቸውም። ደግሞ ማስረጃ አላቸው። ትልቁን ሙዳይ ማኒቮን ትገለብጠዋለች እንጂ ትንሹን የሚነካው የለም፤ እሳቸው በእጃቸው ሞልተው ያስራሉ፣ ታቪ በሞተር ሳይክሉ መሪ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። እሱ የእናቱን ሩዝ ከበላ ሌላው ለዳክዬ ይሁን፣ ለአሳማ ይሁን ግድ የላቸውም። የቀራቸው ነገር እሱ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር እማማ ኦንታም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የሩዝ ነገር ሁሉ መገልበጡ ላይ ነው። ግማሽ ሲበስል ቅርጫቱን በሁለት እጅ ከድስቱ አንሥተው፣ ነቅነቅ አድርገው ወደ ላይ ሲወረውሩት፣ ሩዙ እንደ አንድ ድፍን ዳቦ ተገልብጦ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይመጣል። ያ ካልሆነ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል፣ ከታች ያለው ይላቁጣል። በልጃገረድነታቸው ዘመን ይህን አወራወራቸውን ለማየት ጎረምሶች አጥር ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ ባላቸውም ከእነዚያው አንዱ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። በዘንድሮው ክረምት ግን የጓሮው ደረጃ አንሸራቶ ጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዳቸው ከደረት በላይ አይወጣም። “ወለምታ ነው” አሉ፤ በዘይት አሹት፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። በልጅ ቤት የሚኖር ሰው የሚታመመው በልክ ነው። ሩዙን መገልበጥ ትተው ረዘም ላለ ጊዜ ማፍላት ጀመሩ፤ እንፋሎቱ የራሱን መንገድ ፈልጎ ያበስለዋል ብለው ተማመኑ። ቀምሰው አያውቁም። ጥርስ ከከዳቸው ቆይቷል፤ እሳቸው የሚበሉት አጥሚት ነው፣ እሱንም ብቻቸውን፣ ከሌላው ሰው ቀድመው፣ እዚሁ ምድጃ ዳር።

ይህን ሲያስቡ ሌላ ነገር ትዝ አላቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መነኮሳቱ! ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ ያንን ድንጋይ ሲያሸክሟቸው ከረሙ ማለት ነው። እነሱ ምን ያድርጉ፣ የተሰጣቸውን መቀበል እንጂ ማማረር አይፈቀድላቸው! “ወይ ጉዴ!” አሉ እማማ ኦንታ ለብቻቸው።

ታቪ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ደጅ ጠበቁት። ትንሹ ሙዳይ በመሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱ የሞተሩን መቀመጫ በእጁ ይጠርጋል። አባቱን ነው የሚመስለው፣ ከወገቡ በላይ። ሆዱ ግን የራሱ ነው።

“ሰሞኑን ሩዙ እንዴት ነው ልጄ?” አሉት።

“የቱ ሩዝ?”

“የምትይዘው ነዋ።”

“አይ እማዬ! ምን ይሆናል፣ ጥሩ ነው። ሆዴን ሞልቶ ነው የሚያውለኝ።”

ሄልሜቱን ስላጠለቀ ፊቱ አይታይም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የዋሸውን ውሸት ከሩቅ በአረማመዱ የሚያውቁ እናት፣ አሁን ጥቁር መስታወት ላይ የራሳቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። ሞተሩ ተነሣና ሄደ። ከኋላው ማኒቮን ለስፌት ቤት ሥራዋ ለብሳ ወጣች፤ በደጁ ስታልፍ ቆም ብላ “እማማ፣ የዛሬው ሩዝዎ እንዴት ለስልሷል!” አለች። እማማ ኦንታ አዩዋት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! “ይለስልስልሽ” አሉ ብቻ። በልባቸው ግን ብዙ ነገር አሉ፤ አንዳንዱን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ቀን ቀን ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ዛሬ ግን ባዶነቱ ዓይኑን አፍጥጦ መጣ። ታቪ በየዓመቱ አንድ ነገር ይገዛል፤ ዘንድሮ ለሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቷል፣ አምና የብርጭቆ ቁምሳጥን ገዝቷል፣ እዚያ ውስጥ ያለው ብርጭቆ እንግዳ ስለማይመጣ አቧራ ጠጥቶ ያድራል። የታቪ ሴት ልጅ ወደ ኮሪያ ለሥራ ከሄደች ወዲህ የእሷ ክፍል ተዘግቷል። እማማ ኦንታ በሳሎኑ በኩል ሲያልፉ ጫማቸውን ባያወልቁም የሚናገራቸው የለም፤ ግን ያወልቃሉ። ዘወትር በዚህ ሰዓት የነገውን ሩዝ ነቀዝና ጠጠር ይለቅማሉ። ዛሬ ሰፌዱን አንሥተው ተቀመጡ፣ ትንሽ ለቀሙና ቆሙ። ለማን? ለቱዪ ዳክዬ ነቀዝ ምኗ ነው? እንዲያውም ትወደዋለች።

አላስቻላቸውም። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በፍም ጠበሱ፣ በሙቀጫ ወቀጡ፣ የዓሣ መረቅ ጠብ አድርገው ታቪ የሚወደውን ዳጣ አዘጋጁና በትንሽ ፌስታል ቋጠሩት። “ዳጣውን ረስተህ ሄደህ” ሊሉት ነው። ረስቶ አይደለም፣ ሰጥተውትም አያውቁ፤ ግን ሰው ልጁ ጋ ሲሄድ ምክንያት ይፈልጋል። ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለበሱ። ባጃጅ አስቆሙ። ባለ ባጃጁ የጠራው ዋጋ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመንገድ ያስመልሳቸው ነበር፤ ዛሬ ሳይከራከሩ ገቡ።

“ልጅ ጋ ነው እማማ?” አላቸው ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየ።

“እንዴት አወቅህ?”

“ዳጣው ሸተተኝ። ለሐኪም ዳጣ የሚወስድ የለም።”

ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። በመንገዱ ሙሉ ዳጣውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ታቪ ሙዳዩን ከፍቶ፣ ቆንጥሮ፣ በጣቶቹ ድብልብል አድርጎ ወደ አፉ ሲያደርስ ያዩት ነበር። ቢከብደውም ይበላዋል። የእናት እጅ ነው፣ ይበላዋል። በልጅነቱ ሩዙ ሲያርበትም ይበላ አልነበር?

ታቪ የሚሠራው የሞተር ሳይክል መለዋወጫ መሸጫ ውስጥ ነው። ሱቁ ጋ ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ሆኖ ዘበኛው ብቻ በሩ ላይ ተቀምጧል። ታቪን ጠየቁት። “በምሳ ሰዓት እዚህ አይገኝም” አለና በአገጩ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤተ መቅደስ አሳያቸው። እማማ ኦንታ መንገዱን ተሻገሩ። ግቢው ውስጥ ትልቅ የዛፍ ጥላ አለ፣ ከጥላው ስር ኩሬ፣ በኩሬው ዙሪያ የሲሚንቶ አጥር። ታቪ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ትንሹ ሙዳይ ክዳኑ ተከፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል። እየቆነጠረ፣ በጣቶቹ ድብልብል እያደረገ፣ ልክ እሳቸው በልጅነቱ እንዳስተማሩት አሳምሮ እያድቦለቦለ፣ ለዓሣ ይወረውራል። ጢማም ዓሦች አፋቸውን እየከፈቱ እርስ በርሳቸው ይረጋገጣሉ። አንዱ ትልቅ ዓሣ ሲዘል ታቪ እንደ ልጅ ሳቀ። ሙዳዩን ሲጨርስ አራግፎ ከደነውና በወዲያኛው በር ወጥቶ ከመንገድ ዳር ሾርባ ሻጭ ጋ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሻጩ ሳይጠይቀው ነው የቀዳለት።

እማማ ኦንታ ከዛፉ ግንድ ጀርባ አልወጡም። ቢወጡ ምን ይሉታል? ዳጣህን ረሳህ ይሉታል? አጥሩ ጥግ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ጸጉሯን የተላጨች፣ ነጭ የለበሰች አንዲት መነኩሲት ቅጠል እየጠረገች መጣችና ፈገግ አለችላቸው።

“ያን ሰው አየሽው እህቴ?” አለች መጥረጊያዋን ተደግፋ። “እንዲህ ያለ ጻድቅ አይቼ አላውቅም። በየቀኑ እኮ ነው! ሞልቶ ያመጣል፣ አንዲት ፍሬ ለራሱ አያስቀርም። ይህን የመሰለ ልጅ የወለደች እናት ታድላለች።”

“ታድላለች” አሉ እማማ ኦንታ።

“የምትወረውሪው ይዘሽ አልመጣሽም? እንኪ፣ አንቺም ለጽድቅ ጣል አድርጊ።” አጥሩ ላይ የተረፈች አንዲት ቁራሽ ሩዝ አንሥታ በመዳፋቸው አስቀመጠችላቸው።

እማማ ኦንታ ቁራሿን አዩዋት። ከዚያ ወደ አፋቸው ከተቷት። መነኩሲቷ “ኧረ የዓሣ ነው!” ብላ ጮኸች። ባንድ በኩል ጠጠር ነው፣ ባንድ በኩል ልቁጥ ያለ ሊጥ ነው፤ ድዳቸው ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ለመዋጥ ሞከሩ፣ አልወርድ አለ። ውስጡ ደግሞ የቆየ የእንፋሎት ውሃ ጣዕም አለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን የመሰለ ነገር ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔም ብሆን ለዳክዬ ነበር የምሰጠው፣ አሉ በልባቸው፤ ሐቁን መካድ አልቻሉም። መነኩሲቷ በኩባያ ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጡና አመስግነው ተነሡ። ዳጣውን ለእሷ ሰጧት።

ወደ ቤታቸው በእግር ነው የተመለሱት። ታቪ ያውቃል። ይህን አንድ ነገር ለማወቅ ነበር የወጡት፣ አወቁት። ሩዙን ባለመብላቱ አልተቀየሙትም፤ ሰው ሆኖ ማን ይበላዋል? ያቃጠላቸው ሌላ ነው። በአንድ ግቢ እየኖረ፣ በጠዋት በማታ እያያቸው፣ “እማዬ፣ ሩዙ ምን ሆነ? አንቺስ ምን ሆንሽ?” የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አለመውጣቷ ነው። ከሱቁ ማዶ ድረስ ተሻግሮ ዓሣ ከመመገብ ከሳሎን ወደ ጓሮ ብቅ ማለት ይቀል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ሌላም ነገር አይገባበትም። እማማ ኦንታ በመንገድ ላይ እንባቸው መጣና በአንገት ልብሳቸው ጠረጉት። ሰው አላያቸውም፤ በዚያ ፀሐይ መንገድ ላይ የወጣ ሰው አልነበረም።

ቤት ሲደርሱ ግን አልተኙም። ከጆንያው ጥሩውን ሩዝ ዘግነው፣ ለቅመው፣ ቶሎ እንዲርስ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉት። ማታ ሊያበስሉ ነው። ምናልባት ያ ጣዕም አፋቸው ውስጥ ሆኖ ሌላ ቀን እንዲያድር አልፈለጉም። ሰዓቱ ሲደርስ አጠለሉት፣ ቅርጫቱን ሞሉ፣ ድስቱ ሲፈላ ሰኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ከደኑት። ማኒቮን ከሥራ መጥታ ሳሎን ውስጥ ትንጎዳጎዳለች። ታቪ ገብቶ ከሁለቱ ምሰሶዎች መሃል በታሰረው የገመድ አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስልኩን ያያል።

እንፋሎቱ በጨርቁ አልፎ ሩዝ ሩዝ መሽተት ጀመረ። አሁን ነው መገልበጥ ያለበት፣ ትንሽ ካለፈ አይሆንም። እማማ ኦንታ ተነሥተው ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ግራው እሺ አለ። ቀኙ እስከ ደረታቸው ድረስ ሄደና ቆመ። ትከሻቸው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቅርጫቱን መልሰው ድስቱ ላይ አስቀመጡት።

“ታቪ!” ብለው ጠሩ።

“አቤት እማዬ! መጣሁ!”

አልመጣም። ከገመድ አልጋው ሲጢጢ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የመጣው።

“ታቪ! ና እስቲ!”

“መጣሁ እኮ!”

ጠበቁት። እንፋሎቱ ፊታቸውን እየለበለበው ቆመው ጠበቁት። ሩዙ አይጠብቅም። ከዚያ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደዚህ ምድጃ ጠርተዋት የማያውቋትን ሴት ስም ጠሩ፤ አፋቸው ውስጥ ከብዷቸው ነው የወጣው። “ማኒቮን!”

ማኒቮን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሮጣ መጣች። የወደቁ ነው የመሰላት። በሩ ላይ ስትደርስ እንፋሎቱን አየች፣ ቅርጫቱን አየች፣ አማቷ በግራ እጃቸው ቀኝ ክንዳቸውን አቅፈው እንደቆሙ አየች።

“ምነው እማማ?”

“ገልብጪልኝ።”

ማኒቮን አልተንቀሳቀሰችም። “ክንድዎ ነው?”

“ትከሻዬ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከክረምቱ ጀምሮ፣ ከወደቅሁ ጀምሮ። ቶሎ በይ፣ እየረፈደበት ነው።”

“እና ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አሉ?”

“እናንተስ?” አሉ እማማ ኦንታ።

ማኒቮን ፊቷ ቀላ። ቀረበች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ቅርጫቱን አንሥታ በሁለት እጇ ነቀነቀችና ወረወረችው። ሩዙ ወደ ላይ ወጣ፣ በአየር ላይ ዞረ፣ ጡፍ ብሎ በጀርባው ተቀመጠ። እማማ ኦንታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ይህች ሴት እንዲህ ትችል ኖሯል! ማን ጠይቋት ያውቃል? ማኒቮን ቅርጫቱን መለሰችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች።

“እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርዎ ነበር” አለች ወደ ምድጃው እያየች። “እምልልዎታለሁ፣ ይመኑኝ። ሩዙን ቀምሼ ልጠይቅዎ ስነሣ ታቪ ነው ያስቆመኝ። ‘ተያት፣ ይህን ከወሰድንባት ሌላ ምን አላት? ደስ ይበላት’ አለኝ። ቱዪንም ፈልጎ ያመጣት እሱ ነው። ዳክዬ እንዳላት አጣርቶ፣ ሩዝ መድፋት ኃጢአት ነው ብሎ።”

እማማ ኦንታ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ቢጠሏቸው ይሻል ነበር። መጠላትን ያውቁበታል፤ የራሳቸው አማት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምረዋቸዋል። ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላ ምን አላት! ሕፃን ልጅ በቆርቆሮ አፈር ሞልታ “ወጥ ሠራሁ” ስትል ትልልቆቹ “እሰይ ጎበዝ” እያሉ ወደ ጎን እንደሚደፉት፣ ለካ እሳቸውም ዶሮ ሲጮህ እየተነሡ እቃቃ ሲጫወቱ ነው የከረሙት። የገዛ ልጃቸው በደግነቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። በደግ ሰው ላይ ደግሞ ምን ተብሎ ይጮኻል?

“እማማ፣ አልቅሰው ነው?”

“እንፋሎቱ ነው። አውጪው፣ በስሏል።”

ሁለቱ ሴቶች ሩዙን በሰፊው ገበታ ላይ ገለበጡት። ማኒቮን በእርጥብ ማማሰያ ዘረጋችው፤ እማማ ኦንታ በግራ እጃቸው በማራገቢያ እንፋሎቱን አባረሩለት። ተሰብስቦ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሙዳዩ ሲገባ እያንዳንዷ ፍሬ ትታይ ነበር፤ ግን አንዷ ከሌላዋ አትለይም። ማኒቮን ቆንጥራ ሰጠቻቸው። በድዳቸው አላመጡት። ለስላሳ ነው፣ ሙሉ ነው፣ የሚያውቁት ነው። ማኒቮን ሙዳዩን ይዛ ሄደች። እማማ ኦንታ ከሰሉን በአመድ አዳፈኑ፤ ለወትሮው በዚህ ሰዓት አጥሚታቸውን ጠጥተው ክፍላቸው ገብተዋል። ዛሬ ግን እግራቸው ወደ ሳሎኑ ወሰዳቸው፤ በሩ አጠገብ፣ ከምሰሶው ጥግ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ታቪ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል። ስልኩን ከዓሣ መረቁ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ኳስ ያያል። መግባታቸውንም መቀመጣቸውንም አላየም፤ እሳቸው በዚህ ሰዓት እዚህ ይቀመጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ማኒቮን ግን አየቻቸውና ሙዳዩን ወደ ባሏ ጠጋ አደረገችው። ታቪ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል እጁን ወደ ሙዳዩ ሰደደ፣ ቆነጠረ፣ ዳጣ አስነካና ጎረሰ። አኘከ። ማኘኩን ቀነስ አደረገው። እንደገና ቆነጠረ፣ አሁን በዛ አድርጎ። ሦስተኛውን ያለ ዳጣ ባዶውን ጎረሰው።

“ማኒ” አለ አፉ ሞልቶ፣ “ዛሬ ከማን ነው የገዛሽው?”

የማኒቮን ዓይን ከባሏ ትከሻ በላይ አልፎ ምሰሶው ላይ ነበር።

“አንቺን እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሩዝ ከበላሁ ስንት ዘመኔ! የቱዪን ተይው በቃ፣ ከዚህችኛዋ ሴትዮ አትለዪ። ማናት?”

“እኔ አውቃታለሁ” አሉ እማማ ኦንታ ከኋላው። “ቤቷ ሩቅ አይደለም። ትከሻዋን ታማ፣ የሚገለብጥላት ሰው አጥታ ነው እንጂ እዚሁ ነበረች።”

ስልኩ ውስጥ ጎል ገብቶ ሰው ሁሉ ይጮኻል። ታቪ አልዞረም። እጁ ሙዳዩ ውስጥ እንዳለ ቀረ።